የሰው ጥናት እጅዎ ሲገባ፦ ለጆርናል ገምጋሚዎችና ለሚጋብዟቸው አዘጋጆች

በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ፣ ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ በተለምዶ ሕንፃ ኮሌጅ የሚባለው ግቢ አለ። በ1954 የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ ሥራ የጀመረው ይህ ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ነው። በዚያው ክፍለ ከተማ በሌላኛው ጫፍ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይገኛል። ከሁለቱ ግቢዎች በአንዱ የሚያስተምር ሰው አንድ ቀን ኢሜይሉን ሲከፍት ያልጠበቀው ደብዳቤ ያገኛል። የማያውቀው የጆርናል አዘጋጅ፣ የማያውቀው ሰው የጻፈውን ጥናት እንዲገመግም ይጠይቀዋል። ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ቀነ ገደብ ግን አለው።

ደብዳቤው የደረሰው ሰው በመጀመሪያ ደስ ይለዋል፤ ወዲያው ደግሞ ግራ ይጋባል። ጥናት እንዴት እንደሚሠራ በድኅረ ምረቃ ክፍል በየሴሚስተሩ ይሰጣል። የሌላውን ጥናት እንዴት መገምገም እንደሚገባ የሚያስተምር ግን እምብዛም የለም። ብዙው ሰው የሚማረው በራሱ ጽሑፍ ላይ ከደረሱት አስተያየቶች ነው፤ ተሳዳቢ ገምጋሚ ያጋጠመው ሰው እሱም በተራው ተሳዳቢ ሆኖ ይገኛል። ከዚህ በታች ያለው ለዚያ ሰው የተዘጋጀ ነው፤ ወደ መጨረሻው ደብዳቤውን ለሚልከው አዘጋጅም የሚሆን ነገር አለ። ዓመታቱ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የዚህ ማሳሰቢያ ጥቅም ኋላ ላይ ይታያል።

ዳኛው ሌላ ነው

ልደታ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ፍርድ ቤቱ ስለሆነ ነገሩን በዚያው ማስረዳት ይቀላል። በጆርናል ችሎት ዳኛው ዋና አዘጋጁ ነው። ገምጋሚው የባለሙያ ምስክር ነው፤ የመረመረውንና ያመዛዘነውን ያስረዳል፣ ፍርድ ግን አይሰጥም። ይህን የዘነጋ ገምጋሚ ሁለት ዓይነት ጥፋት ይሠራል። አንደኛው «ይታተም» ወይም «አይታተም» ብሎ ምክንያቱን ሳይጽፍ ይተወዋል። ሁለተኛው አስተያየቱ ሳይፈጸም ሲቀር ይቀየማል። ዋና አዘጋጅ ሁለት ገምጋሚዎች «ይውደቅ» ያሉትን ሊያሳትም፣ ሁለቱም ያመሰገኑትን ሊመልስ ይችላል። ለዚህ ውሳኔ የሚጠቅመው ደግሞ የገምጋሚው ድምፅ ሳይሆን የገምጋሚው ምክንያት ነው።

አሠራሩ የሚገመተውን ያህል ጥንታዊ አይደለም። ሄንሪ ኦልደንበርግ በ1665 ለንደን ላይ «ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ»ን ሲጀምር የሚታተመውን የሚመርጠው ራሱ ነበር። ሮያል ሶሳይቲ ጽሑፎችን የሚመርጥ ኮሚቴ ያቋቋመው በ1752 ሲሆን፣ በጽሑፍ የሚቀርብ የገምጋሚ ሪፖርት የመጣው ደግሞ በ1830ዎቹ ነው። ኔቸር የውጭ ግምገማን መደበኛ ያደረገው በ1973፣ ላንሴት በ1976 ነው። ዋትሰንና ክሪክ በ1953 ስለ ዲኤንኤ ቅርጽ የጻፉት ዝነኛ ጽሑፍ ኔቸር ላይ የወጣው በውጭ ገምጋሚ ሳይታይ ነው። የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር መጽሔቱን ማሳተም የጀመረው ደግሞ በ1962፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ጆርናል በ1963፣ የሕግ ፋኩልቲው የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት በ1964 ነው። ግምገማን ፈረንጅ ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ፣ አበሻ ዘግይቶ የደረሰበት ሥርዓት አድርጎ የሚያይ ሰው እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ቢያስቀምጣቸው ይጠቅመዋል። ሁሉም እየሠራ ነው የተማረው።

ግብዣው ሲደርስ

«እሺ» ከማለትዎ በፊት ጆርናሉን ያጣሩ። «ኢንተርናሽናል» የሚል ቃል በስሙ ላይ መኖሩ ምንም አያረጋግጥም። በ2013 የ«ሳይንስ» መጽሔት ጋዜጠኛ ጆን ቦሃነን ሆን ተብሎ የተበላሸ የሐሰት ጥናት አዘጋጅቶ ለ304 ክፍት ጆርናሎች ላከ፤ 157ቱ ተቀበሉት፣ 98ቱ መለሱት። ከተቀበሉት መካከል ጽሑፉን ማንም እንዳላነበበው የሚያሳብቁ ብዙ ነበሩ። ስለዚህ የኤዲቶሪያል ቦርዱን ስሞች ይፈልጉ፤ በእርግጥ በተጠቀሱት ተቋማት አሉ? የቀድሞ እትሞቹን ሁለት ሦስት ጽሑፍ ያንብቡ፤ ገምጋሚ የነካቸው ይመስላሉ? የአፍሪካ ጆርናል ከሆነ፣ በደቡብ አፍሪካ የሚተዳደረውና በ1998 የተጀመረው «አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን» ላይ መኖሩንና በኮከብ የተሰጠውን ደረጃ ይመልከቱ። የኮከቡ መመዘኛ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ጆርናሉ ግምገማውን እንዴት እንደሚያካሂድ በግልጽ መጻፉ ነው።

ጆርናሉ ደህና ከሆነ ጥያቄው ወደ ራስዎ ይዞራል። ጉዳዩን ያውቁታል? ሁሉንም ማወቅ አይጠበቅብዎትም፤ ስታቲስቲክሱን መመዘን ካልቻሉ «ዘዴውንና ውይይቱን ገምግሜያለሁ፣ ስታቲስቲክሱን ሌላ ባለሙያ ይየው» ብሎ መጻፍ የተከበረ ነገር ነው። ጊዜስ አለዎት? ደህና ግምገማ በአንድ ምሽት አያልቅም፤ የፈተና ማረሚያ ወቅት ከሆነ አስቀድመው ያስቡበት። የማይመችዎ ከሆነ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ «አልችልም» ይበሉ፤ የሚችል ሰው ስም ቢጠቁሙ ደግሞ አዘጋጁ ያመሰግንዎታል። ጆርናልን የሚያንቀው ዝም የሚል ገምጋሚ ነው። ለወራት የሚጠብቀው ጸሐፊ ደግሞ የደረጃ ዕድገቱ በዚያች ጽሑፍ ላይ የተንጠለጠለ ሊሆን ይችላል።

ቀጣዩ የጥቅም ግጭት ነው፤ እዚህ ላይ የአገሩ ነገር ይለያል። አማካሪዎ የነበረ፣ በቅርብ ዓመታት አብረው የጻፉት፣ ለአንድ የምርምር ገንዘብ የሚወዳደርዎ፣ በአንድ ትምህርት ክፍል የሚሠራ ሰው ጽሑፍ ከሆነ ይመልሱት። ይህ ቀላሉ ነው። አስቸጋሪው በኢትዮጵያ አንዳንድ የትምህርት ዘርፎች በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ብቻ ያሏቸው መሆኑ ነው። ስሙ ተሸፍኖ ቢመጣም ጥናቱ የተሠራበት ላቦራቶሪ፣ ወረዳው፣ የድሮ ጽሑፎቹን የሚጠቅስበት መንገድ ጸሐፊውን ይነግርዎታል። አወቅሁት ብሎ ዝም ማለትም፣ በደፈናው መሸሽም አያስፈልግም። ለአዘጋጁ «ጸሐፊውን የገመትኩት ይመስለኛል፤ ከእሱ ጋር እንዲህ ያለ ግንኙነት አለኝ፤ ልቀጥል?» ብለው ይጻፉ። መልሱ የእሱ ነው። ብዙ ጊዜም «ይቀጥሉ» ይላል።

ከተማሪዎ ጋር አብረው መገምገም ከፈለጉም አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ፤ ስሙም በሪፖርቱ ላይ እንዲመዘገብ ያድርጉ። የዶክትሬት ተማሪ ጽፎት ፕሮፌሰሩ የሚፈርምበት ግምገማ በየአገሩ ያለ ሐሜት ነው።

ሁለት ጊዜ ማንበብ

መጀመሪያ ያለ እስክሪብቶ ያንብቡ። ጸሐፊው የጠየቀው ጥያቄ ምንድን ነው? ያገኘው መልስ ምንድን ነው? ሁለቱን በራስዎ ቃል በሁለት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃተዎት ወይ ጽሑፉ ግልጽ አይደለም፣ ወይ እርስዎ ገና አልገባዎትም፤ የቱ እንደሆነ ሳይለዩ ወደ ትችት አይግቡ።

ሁለተኛው ንባብ ከሠንጠረዦቹ ይጀምር። ውይይቱን ቀድሞ ያነበበ ሰው ሠንጠረዡን በጸሐፊው ዓይን ያየዋል። ቁጥሮቹን ይደምሩ፤ በዘዴው ክፍል 400 ተሳታፊ ተብሎ በሠንጠረዡ 391 ከሆነ ዘጠኙ የት ሄዱ? መቶኛው መቶ ይሞላል? በውጤት ክፍል የሌለ ነገር መደምደሚያው ላይ ብቅ ብሏል?

በእንዲህ ዓይነት ሥርዓት ማንበብ የሚያስፈልገው ያለ ሥርዓት ያነበበ ሰው ብዙ ስለሚያልፈው ነው። የብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል አዘጋጆች በ1998 ባሳተሙት ሙከራ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ስምንት ድክመቶችን ሆን ብለው አስገብተው ለገምጋሚዎች ላኩ። ሪፖርት የላኩት 221 ገምጋሚዎች በአማካይ ያገኙት ሁለቱን ብቻ ነው። እነዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ዝርዝር ይዞ መቀመጥ ጀማሪነት አይደለም።

423 እና ሌሎች የአገር ቤት ምልክቶች

የውጭ አገር ገምጋሚ የማያያቸው፣ ኢትዮጵያዊው ግን ወዲያው የሚለያቸው ነገሮች አሉ። አዘጋጁ ከልደታ ሰው የሚፈልገውም በዋናነት ለእነዚህ ነው።

ከአገራችን ወደ ጤና ጆርናሎች የሚላኩ ጽሑፎችን ያየ ሰው 422 ወይም 423 የሚል የናሙና መጠን ደጋግሞ ያጋጥመዋል። ምንጩ የታወቀ ነው። ስርጭቱ ስላልታወቀ 50 በመቶ ይያዛል፤ የስሕተት ወሰኑ 5 በመቶ፣ የመተማመኛ ደረጃው 95 በመቶ ይሆናል። ቀመሩ 384 ይሰጣል፤ መልስ ለማይሰጡ ሰዎች 10 በመቶ ሲጨመርበት እዚያው ቁጥር ላይ ይደርሳል። ስሌቱ ልክ ነው። ችግሩ የሚመጣው ቁጥሩን ከታሰበለት ሥራ ውጭ ሲያሰማሩት ነው። ቀመሩ አንድን ስርጭት በቀላል የዕጣ ናሙና ለመለካት የተሠራ ነው። ጸሐፊው መጀመሪያ ወረዳ፣ ቀጥሎ ቀበሌ፣ ቀጥሎ ቤት እየመረጠ ከሄደ የአንድ ቀበሌ ሰዎች እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ ናሙናው መጨመር ነበረበት። የጥናቱ ዓላማ ሁለት ቡድኖችን ማነጻጸር ከሆነም ሌላ ስሌት ያስፈልገው ነበር። በጉዳዩ ላይ ከዚያ በፊት በጎንደር ወይም በጅማ የተሠራ ጥናት ካለ ደግሞ 50 በመቶ ለምን ተያዘ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መጠየቅ ከአንድ ገጽ አጠቃላይ ትችት ይበልጣል።

በዚያው ዓይነት ጽሑፍ «ተያያዥ ምክንያቶች» የሚል ሐረግ ይመጣል። መረጃው በአንድ ጊዜ የተሰበሰበ ከሆነ የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደተከተለ አይታወቅም፤ ስለዚህ «አስከተለ»፣ «ጨመረ»፣ «ቀነሰ» የሚሉ ግሦች ይፈተሹ። ኦድስ ሬሾ 3 ስለሆነ «ዕድሉ በሦስት እጥፍ ይጨምራል» ተብሎ ከተጻፈና ችግሩ ራሱ ከተጠኚዎቹ ግማሽ ላይ የሚገኝ ከሆነ አነጋገሩ ነገሩን አጋኖታል። በአንድ ጤና ጣቢያ የተሠራ ጥናትም ርዕሱ ላይ «በኢትዮጵያ» ብሎ ከመጣ ርዕሱ ይጥበብ።

አሁን ስለ ዘመን አቆጣጠሩ። አንድ ጸሐፊ የሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎችን ቁጥር «በ2012» ሰበሰብኩ ቢል የውጭው ገምጋሚ ያልፈዋል። ኢትዮጵያዊው ግን የማን 2012 ብሎ መጠየቅ አለበት። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው፤ በፈረንጁ ማርች 13 ቀን 2020። መዝገቡ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ የዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ ወረርሽኝ ያለበት ነው፤ ተመላላሹ ቢቀንስ ምክንያቱ ጸሐፊው ከገመተው ሌላ ሊሆን ይችላል። ከሐምሌ እስከ ሰኔ የሚሄደው የበጀት ዓመትም ተመሳሳይ ወጥመድ አለው። የሥነ ምግባር ፈቃዱ የተሰጠበት ቀን መረጃ ከተሰበሰበበት ቀን መቅደሙንም ሁለቱን ወደ አንድ አቆጣጠር አምጥተው ያረጋግጡ። አንዳንዴ ፈቃዱ ኋላ የመጣ የሚመስለው አቆጣጠሩ ስለተደባለቀ ብቻ ነው። አንዳንዴ ግን በእርግጥ ኋላ ነው የመጣው።

ስሞችም እንዲሁ። የእንዶድ ተመራማሪው የአክሊሉ ለማ የ1965 ጽሑፍ በዓለም መረጃ ቋቶች የሚገኘው «ለማ፣ አ.» ተብሎ በአባታቸው ስም ነው። የኢትዮጵያ ታሪክ ጸሐፊዎች ደግሞ ባሕሩ ዘውዴን «ባሕሩ» ብለው ይጠቅሳሉ። አንድ ሰው በአንድ የማጣቀሻ ዝርዝር ውስጥ ሁለት ቦታ፣ በሁለት ስም ሊገኝ ይችላል፤ ሁለት የተለያዩ ሰዎችም እንደ አንድ ሰው ሊቆጠሩ ይችላሉ። ገምጋሚው ከጆርናሉ መመሪያ ጋር አስተያይቶ አንዱ አሠራር እስከ መጨረሻ እንዲጸና ይጠይቅ።

ለከተማ ጥናት ገምጋሚ የልደታ ሰፈር ራሱ ጥሩ መፈተኛ ነው። ነባሩ መንደር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ከተሠራ በኋላ «የነዋሪዎች እርካታ» የሚል ጥናት ቢመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ማን ተጠየቀ የሚል ነው። መጠይቁ በሕንፃዎቹ ውስጥ ብቻ ከተበተነ ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ሌላ ቦታ የሄዱት ሰዎች ከጥናቱ ውጭ ናቸው። አሁን ያሉትም የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሳቸው ባለቤቶች ይሁኑ ወይም ተከራዮች መለየት አለበት። የቀሩትን ብቻ ጠይቆ ስለ መልሶ ማልማቱ መፍረድ አይቻልም፤ ይህን ደግሞ ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ነው ቶሎ የሚያየው።

ከየት መጣ ሳይሆን ምን ያሳያል

አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ ተሸካሚዎች ነበሩ። የመጀመሪያው ዘገባቸው በ1965 የወጣው በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ነው። ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ሲቀበሉ ጊዜው 1989 ሆኖ ነበር። በመካከሉ ግኝቱ በዓለም አቀፍ ተቋማት ዘንድ ተቀባይነት እንዲያገኝ ረጅም ዓመታት ታግለዋል፤ በአፍሪካ የተሠራ ሳይንስ በአፍሪካ በመሠራቱ ብቻ በጥርጣሬ እንደሚታይም በአደባባይ ተናግረዋል።

ለገምጋሚ ከዚህ ታሪክ የሚጠቅመው ሁለቱን ጉዳዮች መለየት ነው። እንዶድ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሰውንና ዓሣን ይጎዳ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ጥያቄ ነበር፤ ማንም ጥሩ ገምጋሚ ይጠይቀዋል። ላቦራቶሪው የት አገር ነው ብሎ መነሳት ግን ግምገማ አይደለም። ልማዱ የፈረንጅ ብቻም አይደለም። ከአዲስ አበባ ውጭ ካለ አዲስ ዩኒቨርሲቲ የመጣን ጽሑፍ ከመክፈቱ በፊት የሚጠራጠር ገምጋሚ እዚሁ አለ።

ሪፖርቱን መጻፍ

መጀመሪያ ጥናቱ ምን እንዳደረገ በሦስት ወይም በአራት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ይህ ጸሐፊውን «ተነብቤያለሁ» ያሰኘዋል፤ አዘጋጁንም ገምጋሚው እንደገባው ያሳየዋል። ቀጥሎ ካልተስተካከሉ መደምደሚያውን የሚያፈርሱ ዋና ጉዳዮች ይምጡ፣ በቁጥር። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ይሆናሉ። ጥቃቅኑ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ዋናውንና ጥቃቅኑን የሚቀላቅል ሪፖርት ጸሐፊውን ነጠላ ሰረዝ ሲያስተካክል አውሎ የናሙናውን ችግር ያስረሳዋል።

«ዘዴው ደካማ ነው» የሚል አስተያየት ለማንም አይጠቅምም። በእሱ ፈንታ እንዲህ ይጻፉ፦ «በገጽ 6፣ መስመር 140 ላይ ተሳታፊዎቹ በዕጣ ተመረጡ ተብሏል፤ ነገር ግን ዕጣው የወጣበት ዝርዝር ከየት እንደተገኘ አልተገለጸም። ዝርዝሩ የጤና ጣቢያው መዝገብ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ የማይመጡ እናቶች አልተካተቱም፤ ይህ በመደምደሚያው ላይ እንዲጠቀስ እጠይቃለሁ።» ቦታው አለ፣ ችግሩ አለ፣ ለምን እንደሚያሳስብ አለ፣ ምን ይደረግ የሚለውም አለ።

ስለ እንግሊዝኛው ጥቂት ብቻ ይበቃል። ብዙው ጸሐፊ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋው ነው የሚጽፈው። ሰዋስው መልቀም የአራሚ ሥራ ነው፤ ገምጋሚው ትርጉም የሚያዛባውን ብቻ ያመልክት። «በአፍ መፍቻ ተናጋሪ ይታረም» የሚለው የተለመደ ሐረግ ቢቀር የሚጎዳው የለም።

ስለ ጸሐፊው ምንም አይጻፍ፤ ስለ ጽሑፉ ብቻ ይጻፍ። «ደራሲው መሠረታዊ ዕውቀት የለውም» ከማለት «ቀመሩ እዚህ ላይ አይሠራም፣ ምክንያቱም…» ማለት ይሻላል። የራስዎን ሥራዎች ይጠቀሱ ብሎ ማዘዝም ነውር ነው። በእርግጥ ከጎደሉ ለአዘጋጁ በግል ይንገሩ፣ እሱ ይወስን። ለአዘጋጁ ብቻ በሚሄደው ሣጥን ውስጥ ለጸሐፊው ከጻፉት ጋር የሚጣረስ ነገር አይጻፉ፤ ፊት ለፊት አመስግኖ ከኋላ ማፍረስ አዘጋጁንም ጸሐፊውንም ያስቸግራል።

የምስጢሩ ነገር

ያልታተመ ጽሑፍ የሰው ንብረት ነው። ለሥራ ባልደረባ አይላክም፣ ሐሳቡ አይወሰድም፣ በሴሚናር አይነሳም። ቻትጂፒቲን ወደመሰሉ አገልግሎቶች ጽሑፉን ጭኖ «ገምግምልኝ» ማለትም በዚህ ክልከላ ውስጥ ይገባል። የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በ2023 ምክረ ሐሳቡን ሲያሻሽል ገምጋሚዎች ምስጢራዊነቱ ወደማይረጋገጥበት ሶፍትዌር ጽሑፍ እንዳይጭኑ፣ ሊጠቀሙ ካሰቡም ከጆርናሉ ፈቃድ እንዲጠይቁ አሳስቧል። የራስዎን ሪፖርት እንግሊዝኛ ማስተካከል ሌላ ነገር ነው፤ እሱንም ቢሆን የሰውየውን ውጤት ሳይለጥፉበት።

ደብዳቤውን ለሚልከው አዘጋጅ

ገምጋሚ ከየት ይገኛል? የጽሑፉ ማጣቀሻ ዝርዝር ጥሩ መነሻ ነው። ጸሐፊው በጠቆማቸው ስሞች ብቻ መሥራት ግን አደገኛ ነው። በ2012 አንድ ደቡብ ኮሪያዊ ተመራማሪ፣ ህዩንግ-ኢን ሙን፣ ገምጋሚ ብሎ ያቀረባቸው ስሞች አድራሻ ወደ ራሱና ወደ ባልደረቦቹ የሚመለስ ሆኖ ተገኘ፤ ግምገማዎቹ አንዳንዶቹ በ24 ሰዓት ውስጥ መድረሳቸው ነበር አዘጋጁን ያስጠረጠረው። 28 ጽሑፎች ተሰረዙ። በ2014 ሴጅ የተባለው አሳታሚ ተመሳሳይ ማጭበርበር አግኝቶ ከአንድ ጆርናል 60 ጽሑፎችን ሰረዘ። ስማቸው በአንዳንዶቹ ጽሑፎች ላይ የነበረው የታይዋን የትምህርት ሚኒስትርም ከሥልጣን ለቀቁ።

ለኢትዮጵያ አዘጋጅ ይህ ቅርብ ጉዳይ ነው፤ ብዙ መምህራን ከዩኒቨርሲቲው አድራሻ ይልቅ የግል ጂሜይል ይጠቀማሉ። ስለዚህ ጂሜይልን በደፈናው መከልከል ጥሩ ገምጋሚዎችን ያስቀራል፤ ሳያጣሩ መቀበል ደግሞ በሩን ይከፍታል። መፍትሔው አድራሻውን ሰውየው ባሳተመው ጽሑፍ ላይ ካለው ጋር ማመሳከር፣ የተመራማሪዎች መለያ የሆነውን የኦርሲድ ቁጥሩን መጠየቅ፣ ካልሆነም ለትምህርት ክፍሉ ስልክ መደወል ነው።

ቢያንስ ሁለት ገምጋሚ ይመደብ፤ ከተቃረኑ ሦስተኛ። አንዱ ከአገር ውስጥ፣ አንዱ ከውጭ ቢሆን 423ንና ዘመን አቆጣጠሩን የሚያውቀውም፣ በዘርፉ ዓለም ላይ ያለውን አዲስ ነገር የሚያውቀውም ይገኛል። ሁለቱም ከጸሐፊው ተቋም ውጭ ይሁኑ። በዩኒቨርሲቲ የሚታተሙ ጆርናሎች ትልቁ ፈተና የራስ ሰው መብዛት ነው። የክፍት ጆርናሎች ማውጫ የሆነው ዶአጅ ከአንድ እትም ጽሑፎች የአዘጋጆቹ፣ የቦርድ አባላቱና የገምጋሚዎቹ ድርሻ ከ25 በመቶ እንዳያልፍ ይጠይቃል። በየእትሙ አንድ ጊዜ ቆጥሮ ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ገምጋሚ ዝም ሲል ማስታወሻ ይላካል፤ ሶፍትዌሩ ራሱ ይልካል። ነገር ግን ዝምታ ሁሉ ቸልተኝነት አይደለም። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ የመቀሌ ምሁራን ኢሜይል መክፈት አይችሉም ነበር፤ ማሽኑ ግን ማንንም ሳይለይ ነው የሚልከው። ሦስተኛው ማስታወሻ ከመሄዱ በፊት ሰው ይየው።

ሁለቱ ሪፖርቶች ሲደርሱ ገልብጦ ማስተላለፍ የአዘጋጅነት ሥራ አይደለም። ገምጋሚ አንድ «ይቆረጥ» ያለውን ገምጋሚ ሁለት «ይስፋ» ካለ ጸሐፊው የማንን ይስማ? አዘጋጁ የትኛው ግዴታ፣ የትኛው ምክር እንደሆነ በደብዳቤው ይለይለት። ስድብ ካለ ይሰርዘው። ውሳኔው ሲሰጥም ለገምጋሚዎቹ ያሳውቅ፤ የሌላውን ገምጋሚ ሪፖርት ጨምሮ ቢልክላቸው ነፃ ሥልጠና ነው።

ተሻሽሎ ሲመለስ

ጽሑፉ ከወራት በኋላ ከምላሽ ደብዳቤ ጋር ይመጣል። ደብዳቤውን ከራስዎ ሪፖርት ጎን አስቀምጠው ነጥብ በነጥብ ያመሳክሩ፤ «ተስተካክሏል» የተባለው በእርግጥ ጽሑፉ ውስጥ ገብቷል? ጸሐፊው ያልተቀበለው ነጥብ ካለ ምክንያቱን ያንብቡ፤ ትክክል ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ዙር ያልተነሳ አዲስ ተቃውሞ በሁለተኛው ይዞ መምጣት፣ ከባድ ስሕተት ካልተገኘ በቀር፣ ተገቢ አይደለም።

የጸሐፊ ቁጣም ያጋጥማል። በ1936 አልበርት አይንሽታይን ከናታን ሮዘን ጋር የስበት ሞገድ የለም የሚል ጽሑፍ ለፊዚካል ሪቪው ላከ። አዘጋጁ ጆን ቴት ለገምጋሚ ሰጠው፤ ገምጋሚውም ስሕተት አገኘበት። አይንሽታይን ጽሑፌን ለሌላ ሰው እንዲያሳዩ መቼ ፈቀድኩ ብሎ ተቆጣ፣ ወስዶም ለሌላ ጆርናል ሰጠው። ከመታተሙ በፊት ግን የፊዚክስ ሊቁ ሃዋርድ ሮበርትሰን በረዳቱ በኩል ስሕተቱን አስረዳው፤ ጽሑፉም በ1937 መደምደሚያው ተለውጦ ወጣ። ያ ስሙ ያልተገለጸ ገምጋሚ ሮበርትሰን ራሱ እንደነበር የተረጋገጠው በ2005 ነው። የስበት ሞገድ በመሣሪያ የተያዘው ደግሞ በ2015።

ሥራው ሲያልቅ ረቂቁን ከኮምፒውተርዎና ከስልክዎ ያጥፉ፤ ሪፖርትዎን ግን ያስቀሩ፣ ለሚቀጥለው ይጠቅማል። ጆርናሉን የምስጋና ደብዳቤ ወይም የምስክር ወረቀት ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ ሳይጠየቁ አይልኩም። የጽሑፉን ርዕስ ሳይጠቅሱ የጆርናሉን ስምና ዓመቱን ብቻ በኦርሲድ ገጽዎ ላይ ያስመዝግቡ፤ ደብዳቤውንም ለደረጃ ዕድገት ከሚያዘጋጁት ፋይል ጋር ያያይዙት።